ከብ ላይ የጅራት ጎማ ትምህርት፦ እግሬን እንዴት ላሰልጥነው?

ያሬድ_ሜሪላንድ
ቅዳሜ ማታ

ሰላም ለዚህ ቤት። የግል አብራሪ ፈቃዴን ያገኘሁት አምና ነው። በሴስና 172 ወደ 70 ሰዓት በርሬያለሁ። አሁን ደግሞ የጅራት ጎማ አውሮፕላን (ሦስተኛዋ ጎማ አፍንጫ ሥር ሳይሆን ጅራት ላይ ያለችበት) ለማብረር የሚያስፈልገውን የአስተማሪ ፊርማ ለማግኘት እየተማርኩ ነው። የምማርባት ፓይፐር ጄ-3 ከብ ናት። የ1946 ሥሪት፣ ቢጫ፣ ጎኗ ላይ ጥቁር መብረቅ የተሳለባት። ወንበሮቿ ሁለት ብቻ ናቸው፣ አንዱ ካንዱ ኋላ። ሞተሯ 65 የፈረስ ጉልበት አለው። ባትሪ የላትም። ሞተሩ የሚነሳው ፕሮፔለሩን በእጅ በማዞር ነው።

እስካሁን ስድስት ሰዓት በረርኩ። አየር ላይ ስሆን ደስታዬን መግለጽ ያቅተኛል። በሯ ለሁለት ይከፈላል። የላይኛው ወደ ክንፉ ይታጠፋል፣ የታችኛው ወደ ታች ይንጠለጠላል። በሩን ከፍተን ነው የምንበረው። ዛሬ ከታች ገበሬው ሣር እያጨደ ነበር። ሽታው እኛ ጋ ደረሰ። ሴስና ላይ እንዲህ ያለ ነገር አጋጥሞኝ አያውቅም።

ችግሬ መሬት ላይ ነው። ዛሬ ሦስተኛዋን ማረፊያ በጣም አሳምሬ አሳረፍኳት። ሦስቱም ጎማ እኩል ሣሩን ነካ። እፎይ አልኩ። ፍጥነቷ ከሚሮጥ ሰው አይበልጥም ነበር። እግሬን ፔዳሉ ላይ ላላ አደረግኩት። ወዲያው አፍንጫዋ ወደ ግራ መዞር ጀመረ፣ ጅራቷ በቀኝ በኩል ሊቀድመን መጣ። ምን እንደሆነ እስክረዳ ድረስ አስተማሪዬ ከፊት ሆኖ በቀኝ ፔዳልና በብሬክ ያዛት። አጥሩ ከክንፋችን ሃያ ሜትር ቢርቅ ነው። ሁለታችንም ለጥቂት ጊዜ አልተናገርንም።

እዚህ የጅራት ጎማ የሚያውቅ ሰው ካለ እባካችሁ። ለምን እንዲህ ሆነ? እግሬንስ ምን ላስለምደው?


ሰናይት_ዴንቨር
ቅዳሜ ማታ

አይዞህ ያሬድ። እኔ የማበረው ሲታብሪያ ነው። እሷም ሁለት ወንበር፣ ጅራት ጎማ። (ስሟ በእንግሊዝኛ ፊደል ከኋላ ወደ ፊት ሲነበብ ኤርባቲክ ይላል፤ እኔ ይህን የሰማሁት ከገዛኋት በኋላ ነው።) የነገርከን ነገር በኔም ደርሷል። እንዳንተ በቀስታ ስትሄድ ነው የደረሰብኝ። ለብዙ ሰው እንዲያ ነው።

እግርን በተመለከተ፦ ፔዳሉን ረግጠህ አትያዝ። ነካ፣ መለስ። ነካ፣ መለስ። አፍንጫዋ ስትዞር ካየህ በኋላ ብትረግጥ ዘግይተሃል። ዓይንህ ደግሞ አፍንጫዋ ላይ አይሁን። መንደርደሪያው መጨረሻ ላይ ያለችን አንዲት ዛፍ ያዝ። ቅርብ ስታይ መዞሯ አይታወቅህም። ሩቅ ስታይ ግን አንድ ዲግሪም ብትዞር ታውቃለህ።

አንድ ልምምድ ልንገርህ። ነፋስ በሌለበት ጠዋት አስተማሪህን ለምነው አንድ ሰዓት ሙሉ መሬት ላይ ብቻ አሽከርክራት። አትነሳም። ከዚህ እዚያ፣ ከዚያ እዚህ። ሰው ጊዜና ገንዘብ ማባከን ይመስለዋል። እኔ ከአሥር ማረፊያ በላይ የተማርኩት በዚያች አንድ ሰዓት ነው።


ጋሽ_እሸት
እሑድ ጠዋት

ልጆች እንደምን አደራችሁ። እኔ አብራሪ አይደለሁም፣ መካኒክ ነኝ። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። አዲስ አበባ ላይ ይገጣጠም በነበረው እሸት በሚባለው የእርሻ መድኃኒት መርጫ አውሮፕላን ላይ ሠርቻለሁ። ስሙ ኢትዮጵያዊ ቢሆንም አግ ካት የሚባለው የአሜሪካ አውሮፕላን ነው። እሱም ጅራቱ ላይ ነው የሚቀመጠው።

ያሬድ ልጄ፣ ለምን እንዲህ ሆነ ብለህ ጠይቀሃል። የመርካቶን የጋሪ ልጆች አስታውስ። ጋሪውን ከፊት ሆኖ የሚስበው ልጅ ብዙ አይቸገርም። ጭነቱ ይከተለዋል። ከኋላ ሆኖ የሚገፋው ግን አንድ ጊዜ ዘንግቶ የጋሪው አፍንጫ ዞር ካለ፣ መግፋቱ ራሱ ይበልጥ ያዞረዋል። ባለ አፍንጫ ጎማዋ ሴስናህ ክብደቷ ያለው ከሁለቱ ዋና ጎማዎች ፊት ነው። ክብደቱ ይስባታል፣ ራሷን ታቀናለች። ከቧ ግን ክብደቷ ከዋና ጎማዎቹ ኋላ ነው። ይገፋታል። ትንሽ ዞር ካለች ያ ክብደት ጅራቷን ይዞ ወደ ፊት ሊቀድም ይሞክራል። ግራውንድ ሉፕ የሚሉት ይህን ነው። አንድ ጊዜ ከጀመረ ክንፍ መሬት ይመታል፣ የጎማው እግር ይታጠፋል።

ሁለተኛውን ደግሞ ልብ በል። ፍጥነቷ ሲቀንስ ራደሩ (በፔዳሉ የሚዞረው የጅራት መሪ) ላይ የሚያልፈው ነፋስም ይቀንሳል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ሥራ ለመሥራት እግርህ የበለጠ መርገጥ አለበት። አንተ የበለጠ በሚያስፈልግህ ሰዓት ነው እግርህን ያሳረፍከው። አየኸው? ስንፍና አይደለም። ሴስና ያስለመደችህ ልማድ ነው።


ያሬድ_ሜሪላንድ
እሑድ ቀን

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። የጋሪው ነገር በደንብ ገባኝ። ለሳምንታት በእንግሊዝኛ ሳነበው የነበረ ነገር ነው። ሰናይት፣ ያንን የመሬት ልምምድ እጠይቀዋለሁ።

አንድ ሌላ ጥያቄ አለኝ። ስነሳም ጅራቷን ሳነሳ ወደ ግራ ትጎትተኛለች። ይሄስ ከምንድን ነው?


ሰናይት_ዴንቨር
እሑድ ቀን

ፕሮፔለሩ ነው። ከመቀመጫህ ስታየው በሰዓት አቅጣጫ ይዞራል። የሚሽከረከር ነገር ዘንጉን ሲያዘነብሉት ከገፉበት አቅጣጫ ዘጠና ዲግሪ ርቆ ነው የሚመልሰው። አንተ ጅራቷን ስታነሳ አፍንጫዋን ወደ ታች ገፋሃት ማለት ነው። እሷ ደግሞ ወደ ግራ ትመልስልሃለች። ጅራቷን በኃይል ካነሳህ በኃይል ትዞራለች። ቀስ ብለህ አንሳ፣ ቀኝ እግርህ አብሮ ይግባ።

ጅራቷ ገና መሬት ላይ ሳለችም ወደ ግራ መጎተቷ አይቀርም። አፍንጫዋ ወደ ሰማይ ስለሚያይ በቀኝ በኩል የሚወርደው የፕሮፔለር ምላጭ አየሩን የበለጠ ይነክሳል። 65 ፈረስ ላይ ይህ ብዙ አይደለም። የኔዋ 150 ነው፣ ቀኝ እግሬ ሥራ አይፈታም።


ብሩክ_ሻርጃ
እሑድ ማታ

ይቅርታ አድርጉልኝ፣ አንድ ነገር ከልቤ ልጠይቅ። እኔ አየር ማረፊያ ውስጥ ነው የምሠራው፣ ጭነት ክፍል። አብራሪ መሆን ሕልሜ ነበር። አሁንም አልተውኩትም። ግን የአፍንጫ ጎማ ይህን ሁሉ ጣጣ ካስቀረ፣ በዚህ ዘመን ለምን ወደ ኋላ ትሄዳላችሁ? አደጋው አያስፈራም?


ጋሽ_እሸት
ሰኞ ጠዋት

ጥሩ ጥያቄ ነው ብሩክ። ጅራት ጎማ የተመረጠው ሥራው ስለሚፈልገው ነው። የእርሻ አውሮፕላን ከማሳ ጥግ ላይ ነው የሚነሳው። ጭቃ፣ ጉድጓድ፣ ጉቶ አለ። የአፍንጫ ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ከገባ ይሰበራል፣ ፕሮፔለሩ መሬት ይመታል፣ ሞተሩ መፈታት አለበት። ጅራት ላይ የሚቀመጥ ግን ፕሮፔለሩ ከመሬት ከፍ ይላል። ጅራት ጎማው ትንሽና ቀላል ነው፣ ብዙ ብረት አይፈልግም። አላስካ ውስጥ በወንዝ ዳር ጠጠር ላይ ከሚያርፉት አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ናቸው።

አየር መንገዳችንስ በምን ጀመረ? በ1946 እ.ኤ.አ. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ያደረገው በሲ-47 ነው። እሷም ጅራቷ ላይ ተቀማጭ። ተሳፋሪው ወደ ፊተኛው ወንበር ሲሄድ ዳገት ነበር የሚወጣው።


የጃንሜዳ_ልጅ
ሰኞ ማታ

ጋሼ ታሪክ ካነሱ እኔም ላክል። ፀሐይ የተባለችውን አውሮፕላናችንን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። በ1935 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር የሠራት፣ በልዕልት ፀሐይ ስም የተሰየመችው። ሞተሯ 115 ፈረስ ነበር። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ወደዚያው ተወሰደች። ለብዙ ዓመታት ከሮም ሰሜን ባለው ሙዚየም ቆይታ በጥር 2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ለኢትዮጵያ ተመለሰች። ፎቶዋን እዩት። ጅራቷ መሬት ላይ፣ አፍንጫዋ ወደ ላይ።

ጆን ሮቢንሰንም አለ። ከቺካጎ መጥቶ በ1935 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያን አየር ኃይል የመራው ጥቁር አሜሪካዊ። ከጦርነቱ በኋላ በ1944 ተመልሶ መጥቶ የኛን ልጆች ማብረር አስተማረ። በመጋቢት 1954 በደረሰበት የአውሮፕላን አደጋ አዲስ አበባ ላይ ሞተ። ያን ቀን ያበራት የነበረችው ስቲንሰን ኤል-5 ናት። ባለ ሁለት ወንበር፣ ባለ ጅራት ጎማ። መቃብሩ ጉለሌ ነው።

ሮቢንሰን የተማረው አሜሪካ ውስጥ ታስኪጊ በተባለው የጥቁሮች ኮሌጅ ነበር፣ እዚያ የበረራ ትምህርት እንዲከፈት ከወተወቱት አንዱም ነው። ትምህርቱ ተከፍቶ በ1941 የፕሬዚዳንቱ ባለቤት ኤሊኖር ሩዝቬልት ታስኪጊን ስትጎበኝ የበረራ አስተማሪው ቺፍ አንደርሰን አሳፍሮ ያበረራት በከብ ነው። ያሬድ፣ አንተ የተቀመጥክባት ዓይነት ማለት ነው። ይህን ሳስብ ሆዴ ይሞላል።


ያሬድ_ሜሪላንድ
ሰኞ ማታ

ይህን አላውቅም ነበር። ለአስተማሪዬ ልነግረው ነው።


ብሩክ_ሻርጃ
ማክሰኞ

ጋሽ እሸት ተረድቻለሁ። እንግዲያው ሌላ ሕልሜን ልናገር። አንድ ቀን አገር ስገባ እንዲህ ያለች አውሮፕላን ይዤ ብመጣስ? አዲስ አበባ ላይ ማብረር ይቻላል?


ሰናይት_ዴንቨር
ማክሰኞ ማታ

ብሩክ፣ እኔ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ባለችው ዴንቨር ስለምበር ይህን ጥያቄ በየበጋው በእግሬ ሥር አገኘዋለሁ። ስለዚህ ቁጥሩን አብረን እንሥራው።

ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ነው። በጫማ ወደ 7,650። ተርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየሺህ ጫማው ሦስት ከመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ቦሌ ላይ ከ65ቱ ፈረስ 50 ያህሉ ይቀራሉ። አሥራ አምስቱ መንገድ ላይ ቀሩ ማለት ነው። ይህ ገና ቀዝቃዛ ቀን ላይ ነው። በ25 ዲግሪ ሙቀት አየሩ ይሳሳል፣ ክንፉና ፕሮፔለሩ ከ10,000 ጫማ በላይ እንዳሉ ነው የሚሰማቸው። የከቧ ጣሪያ ደግሞ 11,500 ጫማ ገደማ ነው። ጣሪያ የሚባለው በደቂቃ መቶ ጫማ ብቻ መውጣት የምትችልበት ነው። ስለዚህ ሁለት ሰው ጭና ከቦሌ መሬቱን ብትለቅ እንኳ ወደ እንጦጦ ዞረህ አትሄድባትም።

ክብደቷንም እይ። ባዶዋን 347 ኪሎ ገደማ ናት። ከፍተኛው 553 ነው። ነዳጁን ሞልተህ ለሁለት ሰው የሚቀረው 173 ኪሎ ነው። ሁለት ወፍራም ሰው ከጫንክ ነዳጅ መቀነስ አለብህ።

አርባ ምንጭ ግን 1,200 ሜትር ገደማ ነው። እዚያ በማለዳ፣ ብቻህን፣ ትችላለህ። ለአዲስ አበባ ከፈለግክ ሱፐር ከብ የሚሏትን ባለ 150 ፈረሷን አስብ። ሕልሙን አትተው። አውሮፕላኗን ብቻ ቀይር።


ብሩክ_ሻርጃ
ማክሰኞ ማታ

ተባረኪ እህቴ። ይህን ወረቀት ላይ ጽፌ ግድግዳዬ ላይ ለጥፌዋለሁ።


ያሬድ_ሜሪላንድ
ቅዳሜ፣ ከሳምንት በኋላ

የመሬቱን ልምምድ አደረግነው። ሰናይት እውነትሽን ነው። ግማሽ ሰዓት ላይ እግሬ ራሱ መሥራት ጀመረ። ከዚያ ስምንት ማረፊያ አደረግን፣ አንዷም አልዞረችብኝም።

አሁን ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ አስተማሪዬ በሦስቱም ጎማ ማረፍንና በሁለቱ ፊት ጎማ ብቻ ማረፍን እያፈራረቀ ያስተምረኛል። እናንተ የቱን ትመርጣላችሁ? ሁለተኛ፣ እዚህ ሜዳ ላይ አራት ሰዎች አንድ ከብ በጋራ ሊገዙ ነው፣ አምስተኛ ሁን ብለውኛል። ጋሼ፣ እርስዎ ቢሆኑ ምን ያያሉ?


ሰናይት_ዴንቨር
ቅዳሜ ማታ

ለከብ በሣር ላይ፣ ሦስቱም ጎማ። ክርክር የለውም። ከብ በሰዓት በ38 ማይል ገደማ ነው መብረር የምታቆመው። በሦስቱ ስታርፍ በዚያ ፍጥነት አካባቢ ትነካለህ። በሁለቱ ስታርፍ ጨመር አድርገህ ነው የምትመጣው። የምትሸከመው ጉልበት ደግሞ በፍጥነቱ ካሬ ነው የሚያድግ። 40 እና 60 ማይልን አወዳድር፣ ጉልበቱ ከእጥፍ ያልፋል። ስህተት ከሠራሁ በትንሿ ጉልበት መሥራትን እመርጣለሁ።


ጋሽ_እሸት
እሑድ ጠዋት

ሰናይት ልጄ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። ነፋስ በሌለበት ልክ ነሽ። ግን የጎን ነፋስ ሽው ሲል፣ ጅራትሽ መሬት ላይ ሆኖ አፍንጫሽ ሰማይ ሲያይ ምን ታያለሽ? ጅራት ከፍ ብሎ ሳለ ፊት ለፊትሽ ይታይሻል፣ ራደሩም ነፋስ አለው። እሸት የሚያበሩት ልጆች ጭነት ይዘው ነፋስ ሲኖር በሁለቱ ነበር የሚያርፉት። ደግሞ አሜሪካ ፊርማው ላይ ሁለቱንም ይጠይቃሉ፣ የጎን ነፋስንም፣ ሳያርፉ እንደገና መነሳትንም። ስለዚህ ያሬድ ሁለቱንም ይማር።

ግዢውን በተመለከተ ይህ የኔ ቤት ነው። በዝርዝር ልናገር።

ከቀለሙ አትጀምር። ቢጫ ቀለም ሁሉንም ይሸፍናል። የከብ አካል የብረት ቱቦ ነው፣ በላዩ ጨርቅ ተወጥሯል። ውሃ ከገባ ወደ ጅራት ይወርዳል፣ እዚያ ይተኛል። ስለዚህ ወደ ኋላ ሂድና የታችኛውን ቱቦ፣ ጅራት ጎማው የሚያያዝበትን አካባቢ አስፈትሽ። ዝገቱ ከውስጥ ነው፣ ላዩ ደህና ይመስላል። ሁለተኛ፣ ክንፉን ደግፈው የያዙትን ዘንጎች። ፓይፐር ላይ ከውስጥ የመዛግ ታሪክ አላቸው። ያልታሸጉ አሮጌ ዘንጎች ከሆኑ በየሁለት ዓመቱ እንዲፈተሹ ትእዛዝ አለባቸው። በታሸጉ አዲስ ዘንጎች ተቀይረው ከሆነ ወረቀቱን ጠይቅ። ወረቀት ከሌለ አልተቀየረም በል። ሦስተኛ፣ የጎማውን እግር የሚይዙት የላስቲክ ገመዶች። ከላሉ አንዱ ክንፍ ዝቅ ብሎ ታየዋለህ። እሱ ርካሽ ነው፣ አያስደንግጥህ።

ማግኔቶውን (ለሞተሩ የእሳት ብልጭታ የሚሰጠውን) ደግሞ አደራ። ከቧ በእጅ ነው የምትነሳው። አንድ ባልደረባዬ ማብሪያው ጠፍቷል ብሎ ፕሮፔለሩን ያዘ። ማብሪያው በርግጥም ጠፍቶ ነበር። ግን ማብሪያው ማግኔቶውን የሚያጠፋበት ሽቦ ተበጥሶ ነበርና ማግኔቶው አልጠፋም። ሞተሩ ነቃ። ክንዱ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ የማንኛውንም አውሮፕላን ፕሮፔለር ሁልጊዜ ሕይወት እንዳለው ነው የምቆጥረው። ጅራቷ ይታሰር፣ ጎማዎቿ ሥር መከላከያ ይግባ፣ ውስጥ ብሬክ የሚይዝ ሰው ይኑር። ቁርስ ሳትበላም ቢሆን ይህን አትዝለል።


ሰናይት_ዴንቨር
እሑድ ቀን

ጋሼ፣ በጎን ነፋሱ ነገር እጅ ሰጥቻለሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ነፋስ ካለ በሁለቱ እሞክራለሁ።


ያሬድ_ሜሪላንድ
ዓርብ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ

ፊርማውን አገኘሁ።

ዛሬ ከግራ 8 ኖት (በሰዓት 15 ኪሎሜትር ገደማ) የጎን ነፋስ ነበር። ሁለት በሁለት ጎማ፣ ሁለት በሦስት። ግራ ክንፏን ወደ ነፋሱ ዝቅ፣ ቀኝ እግር ገባ። ግራ ጎማ ቀድማ ሣሩን ነካች፣ ቀጥሎ ቀኟ፣ ቀጥሎ ጅራቷ። ከዚያ አስተማሪዬ ሞተሩ እየሠራ ወረደ፣ ቀበቶውን አሰረና ባዶ ወንበሩን መታ መታ አድርጎ "ሂድ" አለኝ።

ከብ ብቻህን ስትሆን ከኋላ ወንበር ነው የምትበረው። ለክብደቱ ሚዛን። እስከ ዛሬ ፊቴ የነበረው የአስተማሪዬ ጀርባ ነው። የዘይት ግፊቱን እንኳ በትከሻው ላይ አጮልቄ ነበር የማየው። ዛሬ ሰሌዳዋ ሁሉ ታየኝ። ያሉት ጥቂት መለኪያዎች ብቻ ናቸው። ከነሱ ወዲያ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወዲያ ከነዳጅ ታንኩ ክዳን ላይ የቆመችው ሽቦ። የነዳጅ መለኪያዋ እሱ ነው፣ ታንኩ ውስጥ ቡሽ ይንሳፈፋል፣ ሽቦው ከቡሹ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል።

የአስተማሪዬ ክብደት ስለሌለ ጋዝ ስሰጣት ዘላ ነው የተነሳችው። ሦስት ዙር ዞርኩ። ካረፍኩ በኋላ እግሬን ከፔዳሉ ያነሳሁት ሞተሩ ጠፍቶ ጎማዎቿ ሥር መከላከያው ሲገባ ነው።


የጃንሜዳ_ልጅ
ዓርብ ማታ

እልልል! እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ!


ብሩክ_ሻርጃ
ዓርብ ማታ

እንኳን ደስ ያለህ። እኔም የመጀመሪያ ትምህርቴን ለመስከረም አስይዣለሁ።


ጋሽ_እሸት
ቅዳሜ ጠዋት

እንኳን ደስ ያለህ ልጄ። ኮራሁብህ። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ብቻህን ስትነሳ ሽቦዋ ምን ያህል ወጥታ ነበር?


ያሬድ_ሜሪላንድ
ቅዳሜ ጠዋት

ሁለት ጣት ያህል ነበር የቀራት ጋሼ። አስተማሪዬ ይበቃል አለኝ። እኔ ግን ሞተሩን አጥፍቼ ወርጄ ሞላሁላትና ነው የሄድኩት።